ከሆዱ የሚወጣው ሽቦ

ጠምጣሚዋ ሃያ ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ሞተር እየፈታች በአዲስ የመዳብ ሽቦ ስትጠመጥም የኖረች ሴት ናት። ድሮም መቀመጥ አትወድም። ታላቅ ወንድሟ ልቡ ደክሞ፣ ሐኪሞች ደረቱ ውስጥ ደም የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ከገጠሙለት ወዲህ ግን ጭራሽ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነች።

ወንድሟ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ፓምፑ ከሞት አፋፍ መልሶታል፤ መዘዙ ሽቦው ነው። ከፓምፑ የተነሳው ሽቦ ሆዱን በስቶ ይወጣና ወገቡ ላይ ከታጠቀው ባትሪ ጋር ይገናኛል። በጎኑ መተኛት የለ፣ ውኃ እንዳይነካው ገላ መታጠብ የለ፤ የበር እጀታ ሽቦውን በያዘበት ቁጥር ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። በዚህ ላይ ሽቦው የወጣበት ቀዳዳ መግል መያዝ ጀመረ። እሷም በቀን ሦስት ጊዜ ከሱቋ እየሮጠች መጥታ ፋሻውን ትገልጣለች፣ ታያለች፣ ትሸፍናለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ተመልሳ እንደገና ትገልጣለች። ቁስል እንደ ድስት ስለከፈቱት ቶሎ አይበስልም እያለ ወንድሟ ይቀልድባታል።

የልብ ሐኪሙ የእጇን ሙያ ሲሰማ ከሆስፒታሉ ኢንጂነር ጋር አገናኛት። ኢንጂነሩ ሽቦውን ከነጭራሹ ለማስቀረት ሦስት ዓመት የደከመ ሰው ነው። ሁለት ጥቅልሎች አሉ፤ አንደኛው ከቆዳ በታች ይቀበራል፣ ሌላው ከውጭ በቀበቶ ይታሰራል። ሁለቱ በአንድ ምት እንዲርገበገቡ ከተቃኙ ኤሌክትሪኩ ቆዳ ሳይበሳ ይሻገራል። ዥዋዥዌ በራሱ ምት ሲገፉት በትንሽ ጉልበት ይወነጨፍ የለ፣ ነገሩ እንደዚያ ነው አላት። ችግሩ ጥቅልሉ ይግላል። የሚግል ነገር ሰው ገላ ውስጥ መቅበር ደግሞ በቁም መጥበስ ነው።

መድኃኒቱንም ኢንጂነሩ ያውቀዋል። እንዲህ በፍጥነት የሚመላለስ ኤሌክትሪክ የሽቦውን ላይ ላዩን ብቻ ስለሚሄድ፣ በአንድ ወፍራም ሽቦ ፋንታ ከፀጉር የቀጠኑ በመቶ የሚቆጠሩ ሽቦዎችን ጎንጉኖ መጠምጠም ያስፈልጋል። እሱ እጅ ላይ ግን ይበጣጠሳሉ፣ ልባሳቸው ይላጣል። ጠምጣሚዋ ጥቅልሉን አገላብጣ አየችና ሌላ ሳትጠይቅ ሽቦውን ይዛ ወጣች።

ሰባት ጊዜ አበላሸች። ምግብ አፏ ውስጥ ይዛ ትነሳለች፤ ደንበኞቿ የሞተሮቻቸውን ነገር ሲጠይቋት ነገ ትላቸዋለች። ስምንተኛውን በሰው ገላ ምትክ ጨው ውኃ ውስጥ ነክረው ፓምፕ ቢያስነሱበት ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ ውኃው ለብ እንኳ አላለም። ኢንጂነሩ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ እንደሆን ብሎ ሌላ አስመጣ።

ከዚያ የሐኪሞቹ ጉባኤ ተቀመጠ። መግል ያለበት ሰው ለዚህ ቀዶ ጥገና አይሆንም፣ የመጀመሪያዋ ታካሚ እንደሱ ፓምፕ የተገጠመላት አንዲት ልብስ ሰፊ ትሁን ብሎ ወሰነ። ሴትዮዋ ቀጭን ስለሆነች አነስ ያለ ጥቅልል እንደ አዲስ ይጠምጠምላት ተባለ።

ጠምጣሚዋ ሌላ ሰው ፈልጉ ብላ በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች። ቤት ገብታም ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ ወንድሟ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት።

«እኔ አውቶቡስ ስነዳ፣» አላት፣ «ወንበር ያጣ ሰው ቆሞ ይሄዳል እንጂ መኪናው አይቆምም። ጠምጥሚላት።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቆሜ እሄዳለኋ።»

ፊቷን አዙራ አለቀሰች። በማግስቱ ሥራ ጀመረች፤ በአሥረኛው ቀን ጨረሰች።

በቀዶ ጥገናው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ስትንጎራደድ ጥበቃው የታካሚዋ ዘመድ መሆኗን ጠየቃት። ስሟን እንኳ እንደማታውቅ ነገረችው፤ ግን አልሄደችም። ልብስ ሰፊዋ ዳነች። ግን በሳለች ቁጥር ጥቅልሎቹ ትይዩነታቸውን እየሳቱ የመሣሪያው ማስጠንቀቂያ ይጮህ ነበር። ጠምጣሚዋ ሁለት ሳምንት ተመላልሳ ቀበቶውን ከገላዋ ጋር አስማማችው።

የወንድሟ ቁስል በአምስተኛው ወር ደረቀ፤ ተራውም ደረሰ። ሽቦው ከወጣለት በኋላ የመጀመሪያው ነገር መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ላዩ ላይ መልቀቅ ሆነ። ቀበቶው ሲወልቅ፣ ከጥቅልሉ ጋር ገላው ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ባትሪ አንድ ሰዓት ታቆየዋለች። ጠምጣሚዋ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች።

«ምነው ብትተይኝ፣» አለ ከውስጥ፤ «ጀርባዬን ገና አልነካሁትም።»

እሺ ብላ ሦስት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች።