የሰው አገር አልጋ

"እኔ አልሄድም" አለች ሚጣ፣ ጣቷን ከካርታው ላይ አንስታ።

አባቷ ያልሰማ ለመምሰል ሞከረ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አራቱም ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የውጭ አገር ጉዟቸውን ነገር እያወጡ እያወረዱ ነበር። መጀመሪያ ትልቁ ከተማ፤ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር፣ የዓሣ ነባሪ አጥንት የተሰቀለበት ሙዚየም። ከዚያ ወደ ገጠር፤ ልጆች በጎቹን በእጃቸው ሣር የሚያጎርሱበት፣ ጫካ ዳር ያለ የገበሬ ቤት። ታናሽ ወንድሟ ባቢ ላላያቸው በጎች ካሁኑ ስም እያወጣ ነው። ሚጣም አባቷ የገበሬውን ቤት መኝታ ክፍል በስልኩ እስኪያሳያቸው ድረስ ደስ ብሏት ነበር።

"ለምንድን ነው የማትሄጂው?"

"ዝም ብዬ።"

አባቷ ሊፍት ጠጋኝ ነው። "ዝም ብዬ" የሚባል ብልሽት አያውቅም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቃውን ፈቃድ እንዴት እንደለመነ፣ ቪዛው ምን ያህል አሳራቸውን አብልቷቸው እንደወጣ ሲነግራት ልጅቷ ተነስታ ክፍሏ ገባች።

አዲሷ ሚስቱ ግን ምክንያቱን ያወቀች መሰላት። ልብስ ሰፊ ናት። ወደዚህ ቤት ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ የልጆቹ እናት ያረፈችው ባቢ ገና ዳዴ ሲል ነው። አራቱም አንድ ላይ እንሂድ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ነበረች። ልጆቹ "እትዬ" ይሏታል። ሚጣ ክፉ ቃል ተናግራት ባታውቅም ቀርባትም አታውቅም። አሁን ደግሞ ፎቶው ላይ አራት አልጋ ጎን ለጎን ተደርድሮ ስታይ የልጅቷ ፊት ሲለዋወጥ አስተውላለች። "ከእንጀራ እናት ጋር አንድ ክፍል ማደር ጠልታ ነው" አለች በሆዷ።

መስፊያ ክፍሏ ገብታ ለደንበኛ የጀመረችውን የዝናብ ካፖርት አነሳች። ማሽኑ ክር እየበጠሰ አስቸገራት። በመጨረሻ ትታው የሚጣን በር አንኳኳች።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዙሪያ ጥምጥም መሄዱን ተወችው።

"ሚጣዬ፣ እኔ ብቀር ትሄጃለሽ? ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ ማንም አይቀየምም።"

ሚጣ ደንግጣ ዘወር አለች። "አንቺ ለምን ትቀሪያለሽ?"

"ከእኔ ጋር ማደሩ ካልተመቸሽ ብዬ ነው።"

"ካንቺ ጋር አይደለም፣ እትዬ።" ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። "ከአልጋው ጋር ነው።"

ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቷ ቤት ሰንብታ፣ እንቅልፍ ጥሏት አልጋው ላይ ሸናች። ቤቷ እንዲህ አይገጥማትም፤ የሰው ቤት ሲሆን ነው። የአክስቷ ልጆች ጠዋት አንሶላው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አይተው "ዝናቧ መጣች" እያሉ ሲስቁባት ከረሙ። አክስቷ ለአባቷ እንዳትነግርባት እግሯ ላይ ወድቃ ለምናለች። አሁን ደግሞ የሰው አገር አልጋ፣ ያውም ወተት የመሰለ አንሶላ፣ ያውም ባቢ አጠገቧ ተኝቶ። ባቢ ካወቀ አገር አወቀ ማለት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ መጣና ዋጠችው። ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ድንጋይ ተንከባሎ የወረደ መሰላት። እኔን የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር ልትላት አሰበችና ተወችው፤ ልጅቷ የራሷ ጭንቀት ይበቃታል።

"ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጠሽ በአንሶላ ትጨነቂያለሽ?" አለቻት። "ከካፖርቱ የተረፈ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ አለኝ። አልጋሽ ላይ የምታነጥፊው አድርጌ ላዩን በለስላሳ ጥጥ እሸፍንልሻለሁ። ሌላ ነገር ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም።"

"እንደ ፌስታል አይንኮሻኮሽም?"

"ነይና በእጅሽ ሞክሪው።"

ሚጣ በባዶ እግሯ ተከተለቻት። ጨርቁን ጨበጠችው፣ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ አሻሸችው። ፊቷ ፈታ አለ።

"አባዬ እንዳይሰማ" አለች።

"አይሰማም።"

ሳሎን ስትመለስ ባሏ ካርታውን አጥፎ፣ አኩርፎ ተቀምጧል። ምን አለችሽ ብሎ ጠየቃት። ትሄዳለች አለችው፤ ግን ገበሬው ቤት ሁለት ክፍል ያዝልን፣ ወንዶቹ ለብቻ ሴቶቹ ለብቻ።

"ለምን?"

"ስለምታንኮራፋ።"

"ይሄ ዛሬ ነው የታወቀሽ?"

"እኔስ አንዴ አግብቼሃለሁ። ልጅቷ ግን ምን በወጣት?"

ሊቆጣ ዳዳውና ሳቀ። ስልኩን አንስቶ ክፍል መፈለግ ጀመረ። ባቢ ከአባቱ ጋር እንደሚያድር ሲሰማ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የእኔ ነው ብሎ ካሁኑ ያዘ።

መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ሚጣ ሜትሩን ይዛ ትጠብቃት ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ለኩና ቆረጡ። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን ልታስቀምጥ ስትል ቆም አለች። አንዱ አልጋ ላይ ብቻ ከተነጠፈ ችግሩ የማን እንደሆነ መታወቁ አይቀርም። የቀረውን ጨርቅ ሳብ አደረገችና ለራሷም አንድ መቁረጥ ጀመረች።