ፋይን የተባለው አናጢ

ልብስ ሰፊዋ የምታውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ቢለቀሙ እፍኝ አይሞሉም። ከነዚያ አንዷ ‹ፋይን› ናት። በምትሠራበት የስፌት ክፍል፣ የስሱ ክር ካርቶን ላይ ተጽፋለች፤ ያ ክር ደግሞ ገና ሲነኩት ብጥስ የሚል ነው። ስለዚህ ለሷ ፋይን ማለት ቀጭን ነው፤ አለቀ።

ባሏ አናጢው የሐሞት ጠጠር ሊወጣለት ቀዶ ጥገና ክፍል የገባ ዕለት፣ ከባሏ ታላቅ እህት ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ እሳትና ጭድ ናቸው። በመካከላቸው ባዶ ወንበር ትተው፣ አንዷ በሩን ሌላዋ መስኮቱን ታያለች።

በሩ ተከፈተ። ከውጭ አገር የመጣው ሐኪም ጭንብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ «ፋይን! ፋይን!» አላቸውና እየተጣደፈ አለፈ።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጉዴ! እትዬ፣ ነፍሱ በቀጭን ክር ተንጠልጥላለች አሉን እኮ!»

«የምን ክር አመጣሽብኝ?» አለች እህትየው። ታክሲ ነጂ ናት፤ ፋይንን የምታውቃት የትራፊክ ፖሊስ ከሚሰጣት ወረቀት ነው። «ፋይን ቅጣት ነው! ይሄ ወንድሜ አፉ አያርፍም፤ አንዷን ነርስ ተናግሮ ነው የተቀጣው።»

«በማደንዘዣ ተኝቶ እንዴት ይናገራል?»

«እሱን አታውቂውም? በእንቅልፉም ይሟገታል!»

ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ስትል ልቅሶ ቀደማት። እህትየው ይሄኔ ተነሥታ መጥታ እቅፍ አደረገቻት።

«አይዞሽ የኔ እህት። ክርም ይሁን ቅጣት አብረን እንችለዋለን።»

‹የኔ እህት› ስትላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ነርሷ ደረሰችና ክው አለች።

«ምነው? ማን ምን ሆነ?»

«ሐኪሙ ፋይን ብለው…»

«ታዲያ ደህና ነው ማለታቸው እኮ ነው! ነቅቷል። እንዲያውም ውሃ አምጡ እያለ አላስቀምጥ ብሎናል።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን! ተመስገን!» አለች። የነርሷን እጅ ይዛ ልትስም ስትል ነርሷ አፍራ እጇን ሰበሰበች።

«ግን አንድ ቃል ይሄን ሁሉ እንዴት ይችለዋል?» አለች እህትየው ዓይኗን እየጠረገች።

ነርሷ ሳቀች። «የኛው ‹በላ›ስ? ዳቦ ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ዋንጫ ይበላል፤ ጀርባዬንም ይበላኛል!»

ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ አናጢው ፊቱ ገርጥቶ ተጋድሟል። የተጠላለፈ እጃቸውን ትክ ብሎ አየ።

«እናንተ? እጅ ለእጅ? ሞቻለሁ እንዴ?»

«አልሞትክም፤ ተመስገን በል» አለችው እህቱ።

እሱም «ተመስገን» አለ። ሚስቱ፣ መጠጣት እስኪፈቀድለት፣ ነርሷ የሰጠቻትን ጥጥ በውሃ ነክራ የደረቀ ከንፈሩን ታብስለት ጀመር።