በፍርሃት የላላው ፍሬን

ሴት አያትየው አላርፍ ብለው የልጅ ልጃቸውን ጋራዥ ድረስ ተከትለው መጡ። ልጅቷ ነገ ማለዳ በበረዷማው ቁልቁለት ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ የአሮጌ መኪናዋ የኋላ ፍሬን ግን ደክሟል።

መካኒኩ መኪናዋን ከኋላ በክሪክ አነሳና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ጎማውን ቢገፋው እንደ ልቡ ተሽከረከረ።

«የእጅ ፍሬን አትይዢም እንዴ?»

«በብርድ ጊዜ አልይዝም። አያቴ በረዶ ይሆንና ይጣበቃል ብላ ከልክላኛለች።»

«ተጣብቆብኝ ያውቃላ!» አሉ አያትየው።

«እናቴ፣ በዚህች መኪና የኋላውን ፍሬን እያጠበቀ የሚሄደው የእጅ ፍሬኑ ነው። ካልተሳበ ይላላል፤ ሽቦውም ይኸው ዝጓል» አለ መካኒኩ።

ልጅቷ ሳቀች። «የፈራሽልኝን ነገር ራስሽ አመጣሽብኝ በያ!»

«አንቺስ መቼ ነው ምክሬን ሰምተሽ የምታውቂው? ይቺን ብቻ ሰማሽ?»

መካኒኩ ሽቦውን ቀየረ፣ ፍሬኑንም አጠበቀ። አያትየው ጎማውን በሁለት እጃቸው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። ሌላውንም ዞረው ገፉት። በመኪናዋ ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ቁልቁለቱ ላይ ቆማ የእጅ ፍሬኑን ያዘች፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። አያትየው በረጅሙ ተነፈሱና ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

«በይ ነገ በሰላም ትሄጃለሽ» አሉ። ወደ እግሯም ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ካልሲሽ ግን ወፍራም ነው?»