ከደንገሉ መሃል የተነሣ ፎቶ

«ይኼ ልጄ አይደለም» አሉ እማማ ሙሉነሽ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ለቀስተኛ ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ወደ እሳቸው ዞረ። ከቀብሩ ማግስት ነው። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ የቆመውን የልጃቸውን ፎቶ ትኩር ብለው ያያሉ። ከዩኒቨርሲቲ መታወቂያው ላይ ተወስዶ የጎላ፣ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት ፎቶ ነው።

«ይኼ ከዳኛ ፊት የቆመ ሰው ነው። ግሩም እንዲህ ተኮሳትሮ ያውቃል? እናንተስ አይታችሁታል?»

ፎቶውን አዞሩና ፊቱን ወደ ሸራው፣ ጀርባውን ወደ ሰዉ አድርገው አቆሙት። ከዚያ ከመራዊ አብረዋቸው ከመጡት ሴቶች መሃል ተመልሰው ተቀመጡ።

አገኘሁ አንገቱን ደፋ። ያን ፎቶ አጉልቶ ያተመው እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት የባሕር ዳርን ሠርግና ክርስትና ሲያነሣ ኖሮ ሥራው እንዲህ ፊቱ ወደ ሸራ ሲዞርበት ይኼ የመጀመሪያው ነው። እንዲህ በሐዘን ቀን እንኳ ክብሩ መነካቱ ስለታወቀው በራሱ አፈረ።

የግሩም ባለቤት ፀደንያ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ረጋ ያለ ነው።

«ጋሽ አገኘሁ፣ ሌላ ፎቶ አይኖርዎትም? የሠርጋችን አለ፤ ግን ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። በስልክ ያነሣኋቸው ላይ ሁሉ ካሜራው ፊቱን ሸፍኖታል። እርስዎ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«የለኝም» አለ አገኘሁ። ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ነው ያለው።

ፀደንያ ትንሽ አየችው። «እስቲ ያስቡበት» ብላ ተነሣች።

ዋሽቷታል። አንድ ፎቶ አለው። እንዲያውም በዕድሜው ካነሣቸው ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም፤ ችግሩ እንዴት እንደተነሣ ነበር።

ግሩም ወደ አገኘሁ ስቱዲዮ የመጣው በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የባዮሎጂ ረዳት መምህር ሳለ ነው። ስለ ወፎች ያጠና ነበርና ማንሣት አስተምሩኝ አለ። አገኘሁም አስተማረው፦ ብርሃንን በጀርባ ማድረግ፣ ትንፋሽ መያዝ፣ ከሁሉ በፊት የወፏ ዓይን ላይ ማነጣጠር። አሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ዳር አብረው ወጡ። ልጅየው «ጋሼ» ይለዋል፣ የአገኘሁን ከባድ ሌንስና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ይሸከምለታል። በዚያ ዘመን አገኘሁ ከግሩም አብልጦ የሚወድደው ሰው አልነበረም። ተማሪ የሚወደደው ደግሞ እስኪበልጥ ድረስ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አብሮት ያጠና የነበረ አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ለግሩም ሌንስ ትቶለት ሄደ። አገኘሁ ያንን ዕቃ ያየበትን ቀን አይረሳም። እንደ አገኘሁ ሌንስ ሩቁን ያመጣል፤ ቁመቱ ግን ከክንድ ያንሳል። ግሩም በደስታ ምላሱ እየተያያዘ አስረዳው። ከውስጥ ካሉት መስታወቶች በአንደኛው ላይ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን ክቦች ተቀርጸውበታል፤ ብርሃኑን እነሱ ስለሚሰበስቡት እንደ ድሮው ብዙ ከባድ መስታወት መደርደር አያስፈልግም። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ማቅረቢያ ተደብቋል፤ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ጠቅ ትልና ሩቅ የነበረው ይበልጥ ይቀርባል። መፍታት የለ፣ መግጠም የለ።

«ይያዙት እስቲ ጋሼ፣ ቀላል ነው።»

«እጄ ቅባት ነክቷል» አለ አገኘሁ። አልነካውም። ከዚያም ወዲህ ነክቶት አያውቅም።

«አንድ እንከን ግን አለው» አለ ግሩም። «ፀሐይ ከፊት ከሆነች ፎቶው ላይ ክብ ክብ ብርሃን ይሠራል።»

አገኘሁ ያን ጊዜ ደስ አለው። ሰው በወዳጁ ዕቃ እንከን ደስ ሲለው ቅናት ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም የለውም።

ቅናት ደግሞ አንድ ጊዜ ከገባ ቤተኛ ነው። ግሩም ያነሣት፣ ራሷ ላይ ወርቃማ ላባ እንደ ዘውድ የቆመላት ወፍ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ስትሰቀል ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ግሩምም መድረክ ላይ ቆሞ «ያስተማሩኝ ጋሽ አገኘሁ ናቸው» አለ። አገኘሁ ፌዝ መሰለው። የወፏ ጎጆ የት እንደሆነ ሲጠይቀውም ግሩም «እንቁላል ይዛለች ጋሼ፤ ጫጩቶቹ ይውጡና እኔው እወስድዎታለሁ» አለው። ይኼን ደግሞ ንፍገት አድርጎ ያዘው።

ይህን ሁሉ ከድንኳኑ ጥግ ሆኖ ሲያስብ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀመጠ። ቡርሀን ነው፤ ግሩምን በታንኳ ሐይቁ ላይ ያመላልስ የነበረው። ጫማውን አራግፎ፣ ለእናትየው «አላህ ያጽናዎት» ብሎ፣ እንባውን ሳይደብቅ አልቅሶ ነው የመጣው። አገኘሁ በዚህም ቀናበት። እሱ ከትናንት ጀምሮ እንባ አልወጣውም።

«ፎቶው ለምን ዞረ?» አለ ቡርሀን በሹክሹክታ።

«እናትየው አልወደዱትም።»

ቡርሀን ወደ ጆሮው ጠጋ አለና «አንተ ሌላ ፎቶ አለህ አይደል?» አለው። «ያን ቀን ታንኳው ላይ የነበርሁት እኔ ነኝ እኮ። እኔ ከኋላ ሆኜ እቀዝፍ ነበር። ለማንም አልተናገርሁም። ግን አለህ።»

አገኘሁ ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ።

ያን ቀን የጳጉሜን ማለዳ ነበር። አገኘሁ የወፏን ጎጆ ደርሶበት ቀድሞ ሊያነሣ፣ ግሩምን ተከትሎ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ረጅም ደንገል መሃል ገባ። ፀሐይ በጀርባው፣ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከባዱ ሌንስ በማቆሚያው ላይ። በሌንሱ ታንኳዋን አገኛት፣ ግሩም ላይ አነጣጠረ። የግሩም ሌንስ ጎጆውን ትቶ ቀስ ብሎ ወደ ደንገሉ ዞረና ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ቆመ። አውራ ጣቱ ስትንቀሳቀስ አገኘሁ በደንብ አየ። ጠቅ አድርጎ ወደ ራሱ አቀረበው ማለት ነው።

ከዚያ ግሩም ሌንሱን ዝቅ አደረገ፤ በአንድ እጁ ያዘውና ሌላውን እጁን ከፍ አድርጎ፣ ጥርሱ እስኪታይ ስቆ ሰላም አለው። የአገኘሁ ጣት ሳያዝዛት የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። ወዲያው ውሃው ውስጥ ቁጢጥ አለና ታንኳዋ ዞራ እስክትሄድ ድረስ ደንገል ሥር ተሸሸገ። ሰላምታ የእግዜር ነው ይባላል። አልመለሰለትም።

ግሩም ነገሩን አንድ ቀን አላነሣበትም። አገኘሁ ግን ወገቤን አመመኝ እያለ ከቅዳሜዎቹ ቀረ። አምስት ወር እንዲህ ሄደ። በጥር ግሩም ራሴን አለ፣ ተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

አገኘሁ ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ስቱዲዮው ሄደና ፎቶውን ከፈተው። ግሩም ሕያው ሆኖ ብቅ አለ። ጥርሱ፣ የዓይኑ ዳር ሽብሽብ፣ የማለዳ ብርሃን ያረፈበት ግንባሩ፣ የተነሣው እጁ። ችግሩ ያ እጅ ነው። ያየ ሁሉ ለማን ነው ሰላም የሚለው ብሎ ይጠይቃል፤ አገኘሁም እንደ ሌባ ተደብቆ የተማሪውን ጎጆ ሲሰልል እንደነበር አገር ያውቃል።

የግሩምን እጅ ከፎቶው ላይ ቆርጦ ጣለው። ስክሪኑ ላይ ፊቱ ብቻ ቀረ። አሁን ማንም ምንም አይጠይቅም። ግን ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሆነ፤ ለማንም ያልሆነ ሳቅ። አገኘሁ ብዙ አየው። ከዚያ እጁን መለሰለትና ማተሚያውን ከፈተ።

በማግሥቱ ሠልስት ነበር። አገኘሁ ፍሬም የገባውን ፎቶ በነጠላው ሸፍኖ ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንበሩ ላይ፣ ከዞረው ፎቶ አጠገብ፣ ያ ሌንስ ተቀምጧል። ክዳን የለውም፤ አቧራ ይጠጣል።

«አባቱ ሲሞት ጠመንጃው ወጥቶ ተለቅሶበታል» አሉ እማማ ሙሉነሽ ለተሰበሰበው ሰው። «የልጄ መሣሪያ ይኼ ነው። ይውጣና ይለቀስበት።»

አገኘሁ ወደ ፊት ሄዶ የመታወቂያውን ፎቶ አነሣና የራሱን በቦታው አቆመ። አሮጊቷ ተጠግተው በመዳፋቸው መስታወቱን ዳበሱት።

«ይኼ ነው» አሉ። «ልጄ ይኼ ነው። መጣህልኝ?»

ሴቶቹ ልቅሶውን አወረዱት። ተማሪዎቹ ተያቅፈው አለቀሱ። ይገርማል፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አገኘሁ ውስጥ የነበረው ክፉ ነገር ራሱን ቀና አደረገ፤ ሰዉ ሁሉ «የግሩም ሳቅ፣ የግሩም ሳቅ» ይላል እንጂ ማን አነሣው የሚል የለም። ጥያቄው ሲመጣ ግን እንደዚያ ሆኖ አልመጣም።

«እጁን ለማን ነው ያነሣው?» አሉ እማማ ሙሉነሽ።

ቡርሀን መሬት መሬት አየ።

«ለእኔ ነው፣ እማማ» አለ አገኘሁ። «ቦታውን ልሰርቀው ደንገል ውስጥ ተደብቄ ነበር። አየኝና ሰላም አለኝ። አልመለስሁለትም። ቀንቼበት ነበር።»

አሮጊቷ አዩት፤ አልረገሙትም፣ አላጽናኑትምም። የተናገረችው ፀደንያ ነች።

«አውቃለሁ ጋሽ አገኘሁ። ያን ቀን ቤት ገብቶ እየሳቀ ነገረኝ። ለዚያ ነው የጠየቅሁዎት።»

«ምን አለሽ?»

«‹ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል፤ የእኔ ምቀኛ ደግሞ የአገሩ አንደኛ ፎቶ አንሺ ነው› አለኝ። እርስዎንም አንሥቶዎታል። ከደንገሉ መሃል ጎንበስ ብለው፣ ፊትዎ ላይ ክብ ክብ ብርሃን አርፎበት። ላሳያቸው ብሎ ደግሞ ተወው። ‹ፀሐይን ከፊቴ አድርጌ ነው ያነሣሁት፤ ጋሼ ካዩት ይስቁብኛል› አለ።»

አገኘሁ ወንበሩ እግር ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። ከሦስት ቀን ወዲህ የመጀመሪያ እንባው ነበር። ቡርሀን መጥቶ ትከሻውን ያዘው።

በሰባተኛው ቀን የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አፈረሱ። አግዳሚዎቹ ተጫኑ፣ ሸራው ተጠቀለለ፤ ግቢው መሃል ያ ወንበር ከነፎቶውና ከነሌንሱ ብቻ ቀረ። ሌንሱን ፀደንያ ለባዮሎጂ ክፍል፣ ለተማሪዎቹ ልትሰጠው ወስናለች። አገኘሁ ይህን ሲሰማ ልቡ ትንሽ ቆንጠጥ ማለቷን አልካደም፤ ቅናት በሰባት ቀን አያልቅም።

«ጋሽ አገኘሁ፣ እሱን ያስገቡልኝ» አለች ፀደንያ ከበረንዳው። «ሌሎቹ አያያዙን አያውቁም።»

ወደ ወንበሩ ሄደ። የሌንሱን ፊት በነጠላው ጫፍ ጠርጎ፣ ከስቱዲዮው ይዞ በመጣው ክዳን ሸፈነው። እንደ ራሱ ሌንስ መስሎት ወገቡን አዘጋጅቶ ነበር ያነሣው፤ ግን እውነትም ቀላል ነው፤ በአንድ እጁ ተነሣ። ሌላው እጁ ሥራ አጥቶ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከፍሬሙ ውስጥ ግሩም እጁን አንሥቶ ይስቃል። አገኘሁ ወደ ኋላው ዞሮ ማን እንደሚያየው አላጣራም። ባዶውን እጁን ቀስ አድርጎ እስከ ትከሻው ከፍ አደረገና መለሰለት።