ከመናኸሪያ እስከ ጸጉር ቤት

ቲቸር ሶፎንያስ ሆሳዕና ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ጠፋ። ልጃቸው ሐዳሳ ከምትሠራበት ከአንጋጫ መጥታ «አባዬ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ትኖራለህ፤ አለቀ» አለች።

እሳቸው ጋ አላለቀም። «ከአውሮፓ ድረስ የምትመጣ ወፍ መንገድ ሳይጠፋት፣ እኔ በሠፈሬ ልጠፋ?»

ተጨቃጭቀው ተስማሙ። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይመራቸው የጓደኛቸው የነህምያ ጸጉር ቤት ከደረሱ፣ ቤታቸው ይኖራሉ። ካልደረሱ፣ አንጋጫ።

ቅዳሜ በከዘራቸው እየዳሰሱ ወጡ። ሐዳሳ ራቅ ብላ ተከተለች። ጨለማውንስ ለምደውታል፤ ያልቻሉት ሰላምታውን ነው። የከተማው ግማሽ ተማሪያቸው ነበር። «ቲቸር!» በተባሉ ቁጥር ዞረው የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የላሟን ደህንነት ጠይቀው ሲጨርሱ ፊታቸው ወደ መጡበት ሆኗል።

ከዚያ ባጃጅ ቆመ። ባዮሎጂ ሁለቴ የወደቀው ቲቶ ነው።

«ቲቸር በእግር? እኔ እያለሁ?»

«ተወኝ ልጄ፣ ፈተና ላይ ነኝ...»

«እኔንም በፈተና ጨርሰውኛል፤ ይግቡ!» አቅፎ ጫናቸው። ልጃቸው ልትወስዳቸው መምጣቷን ሰምቶ ስለነበር አንጋጫ ሊሄዱ መስሎት መናኸሪያ በር ላይ በክብር አወረዳቸው።

ሐዳሳ እየጮኸች ሮጣ አልደረሰችባቸውም። ባጃጁን ያገኘችው ሲመለስ ነው።

«አባቴን የት ወሰድከው?»

«መናኸሪያ! ምስጋና አያስፈልግም።»

መናኸሪያ ስትደርስ የሉም። የአንጋጫውን ሚኒባስ ወንበር ለወንበር ፈለገች፤ የሀደሮውንም። በመጨረሻ እያለቀሰች ለነህምያ ልትነግረው ጸጉር ቤቱ ገባች።

አባቷ ግማሽ ጢማቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ለብሶ ተቀምጠዋል።

«የት ጠፋሽ?» አሏት።

«እንዴት ደረስክ?»

«ወፎችን ከመንገዳቸው ይዘው ሌላ አገር የለቀቁ ሰዎች ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዙት በጀመሩት አቅጣጫ ቀጥለው ሳቱ። ከዚያ በፊት የተጓዙት ግን አቅጣጫቸውን አርመው ደረሱ። እኔም መጀመሪያ ቆምኩ። ፀሐይዋን በጉንጬ ፈለግኳት። ቀጥሎ እዚህ አጠገብ ያለውን ወፍጮ ቤት ሰማሁ። ከዚያ...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «አንዲት ሴትዮ ጠየቅኩ።»

«ወፍ ሰው አይጠይቅም!»

«ሌሊት ሲበሩ እየተጠራሩ ነው የሚሄዱት። ነህምያ ምስክሬ ነው።»

ነህምያ ስለ ወፍ የሚያውቀው ዶሮን ብቻ ነው። ቢሆንም ምላጩን አንስቶ መሰከረ።

ሐዳሳ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ጆሯቸው ላይ የቀረውን አረፋ ጠረገችላቸው። «እሺ አባዬ፣ ቤትህ ትኖራለህ።»

ይፎክራሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እጇን ፈልገው ያዙ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«መንገዱ አይጠፋሽም?»