ይንሸራተታል የተባለው መሬት

«እጅሽን አታሳርፊ፣ አማስዪው! ዱቄቱ ካረረ የልጄ ነፍስ ምን ሊሸታት ነው?» አሉ እማማ ዙልፋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው።

ሙኒባ አማሰለች። ባሏ ሸፊክ ከተቀበረ ሳምንቱ ነው። በሰባተኛው ቀን ለሟች ሐልዋ ይሠራለታል፤ ዱቄቱ በቅቤ ሲቁላላ ሽታው ነፍሱ ዘንድ ይደርሳል ይባላል። ሳሎኑ ለዱዓ በተሰበሰቡ የቢሃች ከተማ ሴቶች ጢም ብሏል። እያንዳንዷ ፒታ የሚሉትን በሥጋ የተሞላ ጥቅልል ቂጣ በትሪ ይዛ ስለመጣች ማስቀመጫ ጠፍቶ የስፌት መኪናው ላይ ሳይቀር ተደርድሯል።

«ዛሬስ አፉ ትይዋለሽ?» አሉ አማቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንዶቹ ሁሉ ብለውለታል። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ሐቅሽ ደረቱ ላይ ተጭኖበት እንዴት ይተኛ?»

በዚያ አገር ሴት ቀብር አትወጣም። ኢማሙ ሬሳው ፊት ቆሞ «ሐቃችሁን ትታችሁለታል?» ብሎ ወንዶቹን ሲጠይቅ ሙኒባ እቤት የሸፊክን ሸሚዞች ታቅፋ ታለቅስ ነበር። ያን ዕለት ቢጠይቋት ኖሮ ከአንጀቷ አፉ ባለችው። ግን ማንም አልጠየቃትም። በማግስቱ ደግሞ ግንበኛው ሐዚም ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

ሐዚም ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም እንጂ።

«አይ ሸፊክ! እንደሱ ያለ አርክቴክት ከየት ይመጣል?» አለ ስኳሩን ቡናው ውስጥ እየነከረ። «ያን ክሩፓ ከተማ የሠራውን ቤት አይተሽዋል፣ እህቴ? ቁልቁለቱን ሳይቆርጥ እንደ ደረጃ እስከ ወንዙ አወረደው እኮ! መኝታ ቤቱ ከሁሉም በታች፣ ውሃው አጠገብ። ጣሪያው ላይ ሣር በቅሎበት ከመንገድ ሲያዩት ቤት አይመስልም።»

ሙኒባ አላየችውም። ግን እያንዳንዱን ክፍል ታውቀዋለች፤ የራሷ ቤት ነውና።

እሁድ እሁድ ሸፊክ ይህንኑ ቤት በካርቶን እየቆረጠ ሲሠራ እሷ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ከአባቷ ቤት ጓሮ ጀምሮ እስከ ኡና ወንዝ የሚወርደው ተዳፋት ላይ ሊሠሩት ነበር። ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው እስከ የትኛው ድንጋይ እንደሚወጣ የነገረችው እሷ ናት። መኝታ ቤቱ ታች እንዲሆን ያደረገችውም እሷ። «ተኝቼ ወንዙን ልየው» ስትለው ስቆ «ተኝተሽ የምታዪው እኔን ነው» ብሏት ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት እጇን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰዳትና መሬት ላይ ያለ ስንጥቅ አሳያት።

«ይንሸራተታል፣ ሙኒባዬ። የአባትሽ መሬት ቤት አይሸከምም» አላት።

አመነችው። ከዚያ ወዲህ ከፕለም ዛፎቹ በታች ወርዳ አታውቅም፤ ፈራች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ታፍር ነበር። «አባቴ የማይረባ መሬት አውርሶኝ ባሌን ቤት አልባ አስቀረሁት» ትል ነበር፣ በሸፊክ ፊት። ሸፊክም ትከሻዋን እያሻሸ ያጽናናት ነበር።

«የኛ መሬት አለት ቢሆን እዚህ ይሠራው ነበር» አለችው ሐዚምን።

«የእናንተማ ምን ይወጣለት፣ አለት ነው!» አለ ሐዚም። «ጉድጓድ ቆፍሬ ስፈትሽ ዶማዬ ነው የተሰበረው። ለሸፊክ ስነግረው ‹ለሙኒባ እንዳትነግር› አለኝ። ድንገት ሊያስደስትሽ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«የክሩፓው ቤት የማን ነው?»

ሐዚም አጠገቡ የተቀመጡትን እማማ ዙልፋን አየ፤ ቀጥሎ የገዛ ካልሲውን ማየት ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሸፊክ ቤቱን ለሌላ ሴት እንደሠራው ከተማው ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

ይህን እያሰበች ስታማስል የቆየችው ሙኒባ ማማሰያውን አስቀመጠችና በሩ ላይ ወደቆሙት አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ እዚያ ቤት ገብተዋል?»

«አሁን ይሄ ምን ይሠራልሻል?»

«ገብተዋል ወይ?»

«ልጄ ነው የጠራኝ፤ እምቢ ልበለው?» አሉ እማማ ዙልፋ። የሻሻቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ ጠጋ አሉ። «ስሚኝማ። ሴትየዋ ረጅም ናት። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ግን ዝቅ ያለ፣ ባንቺ ልክ ነው። ወገቤ አለቀ፣ ከፍ አድርግልኝ ብትለው ‹እሱ አይነካም› አላት። እኔ ፊት ነው ያላት። አየሽ? አልረሳሽም።»

ሙኒባ ሳቅ አፈናት። «እሷን እያጎበጠ፣ እኔን በአባቴ መሬት እያሳፈረ ኖረ በሉኛ! ይህን ነው ፍቅር የሚሉኝ?»

«ዝም በይ፣ ሴቶቹ ይሰማሉ።»

«ይስሙ! እርስዎም እኮ እዚሁ ተቀምጠው አባቴን ስራገም ሰምተዋል። አንድ ቀን እንኳ ‹ተይ› አላሉኝም።»

ሳሎን ውስጥ ዱዓው አልቆ ኖሮ የሴቶቹ መሪ ወይዘሮ ሐኒፋ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ እንግዲህ ያንቺ ቃል ነው የቀረው። ለሟች አፉ ትይዋለሽ?»

ሴቶቹ ከኋላቸው አንገታቸውን አሰገጉ። ሙኒባ አፏን ከፈተች። ቃሉ አጭር ነው፤ ለጎረቤት ድመት እንኳ ብላው ታውቃለች። አልወጣ አላት። ሐልዋውን ከእሳት አወረደችና በጓሮ በር ወጣች።

የፕለም ዛፎቹን አልፋ በእግር ሹራቧ ብቻ ቁልቁል ወረደች። መሬቱን በእግሯ ጣቶች እየሞከረች ረገጠች፤ ስንት ዘመን የተፈራ ፍርሃት በአንድ ጊዜ አይለቅም። መሃል ላይ ቆመችና በተረከዟ መሬቱን ደለቀችው። ደግማ፣ በሙሉ ክብደቷ ደለቀችው። አልተነቃነቀም።

«ሙኒባ!» አሉ አማቷ ከላይ። «ወይዘሮ ሐኒፋ እየጠበቁሽ ነው! በይውና ይለቅልሽ!»

ሙኒባ ተንበረከከች። ሣሩን ገለጥ አድርጋ መዳፏን አፈሩ ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ «አፉ በለኝ።»

ከላይ ደግመው ጠሯት። እጇን ከመሬቱ አላነሳችም።