አልወርድ ያለው የጓድ ታከለ ስም

ስሙ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ።

ማተሚያው እንደ ልማዱ ጥርሱን እያፋጨ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ተመላለሰ። ወረቀቱ ብቅ ሲል የኮምፒዩተር ባለሙያው የሽዋስ ዐይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው ያው ነው። «ጎህ ተስፋ የመንግሥት እርሻ፤ የዕለቱ የትራክተር ስምሪት» ይልና ከሥሩ፣ ደመቅ ባለ ፊደል፣ «ያጸደቀው፦ ጓድ ታከለ» ይላል።

ጓድ ታከለ የሚባል ሰው ደግሞ የለም። እስከ ግንቦት ድረስ ነበረ፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ነበረ፤ ፎቶው በየቢሮው ነበረ። ከግንቦቱ ግርግር በኋላ ግን ከሤረኞቹ ጋር በስልክ ተገናኝቷል ተባለና አንድ ማለዳ መኪናው ማንኩሳ አጠገብ በሯ ተከፍቶ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። በማግስቱ ፎቶው ከየግድግዳው ወረደ። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራና «የአብዮቱ ጡት ነካሽ» ተባለ፤ ሲያጨበጭቡለት የኖሩት እጆች ለዚህም አጨበጨቡ። ከጋራዥ ሁለት ሰዎች ፎቶውን ከመሳቢያቸው ሳያወጡ ቀርተው በላንድሮቨር ተጫኑ። ወዴት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ላንድሮቨሩ ብቻ በማግስቱ ባዶውን ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሰ፤ ታጥቦ።

ፎቶ ከመሳቢያ ሳያወጡ መቅረት እንዲህ ካስደረገ፣ ስሙን በቀን ሦስት ጊዜ የሚያትም ሰው ምን ይደረጋል? የሽዋስ ወረቀቱን ቀደደ፤ አጣጠፈ፤ ካልሲው ውስጥ ከተተው። ሁለቱ በግራ በኩል ነበሩ፤ ይኼኛው በቀኝ ገባ።

ከግርግሩ ወዲህ ስምሪቱ በእጅ ሲጻፍ ነበር የቆየው፤ ዛሬ ከቀትር በኋላ ግን ከባሕር ዳር የፓርቲ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ጓድ እንዳለው፣ ከዚህ ኮምፒዩተር በቀር ለእንግዳ የሚያሳየው ነገር የለውም። ትራክተሮቹ እንደሆኑ ግማሾቹ ቆመው ዶሮ ያድርባቸዋል።

«አልለቅ አለ?» አሉ አያ ወልደ ሥላሴ ከበሩ ሥር። ዘበኛው ናቸው፤ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ጉዳዩን ከጠዋት ጀምሮ ሲከታተሉ ውለዋል።

«አልለቅ አለ፣ አያ።»

«ትናንት ያስረዳኸኝ ገብቶኛል። ይህ ፕሮግራም የምትለው ነገር እንደ እርፍ እንደ ሞፈሩ ነው። ብዙ ቁራጭ ነው፤ አንዱ መሣሪያ ይገጣጥመዋል።»

«ሰብሳቢው የምለው መሣሪያ ነው የሚገጣጥመው። ማረሻው ቢቀየር ማረሻውን ብቻ አውጥቶ አዲሱን ይገጥማል እንጂ ሞፈሩን አይነካም። አዲስ የሆነውን አይቶ ነው የሚሠራ። እኔ ስሙ ያለበትን ቁራጭ ቀይሬያለሁ፤ እንዳለው ብዬ ጽፌያለሁ። ሰብሳቢውም ‹ጨርሻለሁ› ይለኛል። ሲታተም ግን ታከለ!»

አያ ወልደ ሥላሴ ወደ ውስጥ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህ የመሣሪያ ነገር አይደለም። ሰውዬው ሞቶ ከሆነ ሳይፈታ ነው የሞተ። የሰኔ ሚካኤል ጠበል በኮዳ ይዣለሁ፤ እስቲ ጥቂት ረጨት ላድርግበት።»

«ኧረ አያ! ኤሌክትሪክ ነው እኮ፤ ይገድሉኛል!»

«በኤሌክትሪክ ብትሞት ይሻልሃል» አሉ ሽማግሌው፤ ቀልድ አልመሰሉም። «እዚሁ እንቀብርሃለን።»

ይህች ማሽን አማርኛ አታውቅም። የሽዋስ ከቡልጋሪያ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ፊደሉን አንድ በአንድ በነጥብ እየሣለ ነው ያስተማራት፤ ስለዚህ የሥራ አስኪያጁ ስም እንደ ማንም ጽሑፍ ተደልዞ የሚጻፍ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የተገጠመ ነው። ሰብሳቢው ባለቤቱ ለራሱ ሥራ የሚሆን ቅጥያ፣ ማለትም ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ እየጻፈ እንዲጨምርበት ይፈቅዳል። የሽዋስም ጽፏል። አንዱ ቅጥያ ነጥቡን ወደ ፊደል ይለውጣል፤ ሌላው ከመገጣጠሙ በፊት የቀድሞውን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጓደኞቹ ቢያዩበት አፈር ልግባ የሚያሰኝ ነው።

ይኼን ያስጻፈው ራሱ ጓድ ታከለ ነበር። «ሥራውን ሲጨርስ በእንግሊዝኛ አጉረምርሞ ዝም ነው የሚል? አብዮታዊ ስሜት የለውም!» ብሎ ተቆጣ። የሽዋስም ፈራና አንድ ቅጥያ ጻፈ፤ ሰብሳቢው በራሱ ቋንቋ ሊናገር ያሰበውን ሁሉ የምትውጥ፣ በምትኩ ስክሪኑን ሞልታ «ግዳጁ በድል ተጠናቋል!» የምትል።

አሁንም ስክሪኑ ላይ ያለው ይኸው ነው። ግዳጁ በድል ተጠናቋል።

የቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ አያ ወልደ ሥላሴ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጓድ እንዳለው ገባ። አጭር ሰው ነው፤ ኮቱ ግን የረጅም ሰው ነው።

«እህ፣ ጓድ የሽዋስ! ተሰናዳን?»

«ተሰናድተናል፣ ጓድ።» የሽዋስ ሊነሣ ሲል ካልሲው ውስጥ ያለው ወረቀት ኮሽ አለ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«ጫማዬ ነው፣ ጓድ። ፕላስቲክ ነው።»

ጓድ እንዳለው ጫማውን ዐየ። ቆዳ ነው። ቀና ብሎ የሽዋስን ፊት ዐየ። ከዚያ ስክሪኑን ተመልክቶ ፊቱ ፈካ። «ይህን ነገር በጣም ነው የምወደው። በል እስቲ አንዷን አትምልኝ።»

«ማተሚያው ሞቋል፣ ጓድ። እስኪቀዘቅዝ…»

«ይቀዝቅዝ። ለነገሩ ለእንግዶቹ ቁልፉን የምጫነው እኔው ራሴ ነኝ። በሁሉም ፊት።» በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «እነዚያ የጋራዥ ልጆች ያሉበት ቦታ፣ ሰፊ ነው ይባላል። ገና ብዙ ሰው ይይዛል።»

ሲወጣ የሽዋስ ወንበሩን ይዞ ቀረ። እናቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ትዝ አሉት። ባለፈው ሳምንት የአጎቱ ለቅሶ ላይ፣ ቡሬ፣ ጎረቤት ሁሉ ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቃቸው «ከማይናገር ዕቃ ጋር ነው የሚሠራ፤ ተመስገን፣ አይመሰክርበትም» ብለው ነበር። ይኸው ቀትር ሲያልፍ ሊመሰክርበት ነው።

የማይናገር ዕቃ።

ቀና አለ። ዕቃው እኮ ይናገራል! አላናግር ያለው እሱ ነው። ሰብሳቢው ሦስቱንም ጊዜ የሆነ ነገር ብሏል፤ የድሉ ቅጥያ ናት የዋጠችው።

ቅጥያዋን አወጣትና ሰብሳቢውን እንደገና አስነሣው። ስክሪኑ ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከታች በኩል ደቃቅ ጽሑፍ ወጣ፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ከድሮው የሚበልጥ አዲስ ቁራጭ የለም፤ የሠራሁት ነገር የለም» ማለት ነው።

የሠራሁት ነገር የለም! ከላይ ግን ድል በድል። የሽዋስ ሳቁ መጣበት፤ ሳቁን ሳይጨርስ ላብ አጠመቀው። ለምንድን ነው የለም ያለው? ዛሬ ጠዋት የቀየርኩት ቁራጭ እንዴት ከድሮው ግጣም ይልቅ አሮጌ ይሆናል? ቁራጮቹ የተጻፉበትን ቀን አወጣና ተመለከተ። ታከለ የሚለው አሮጌው ግጣም፦ ሰማንያ ዘጠኝ። እንዳለው የሚለው የዛሬው ቁራጭ፦ ሰማንያ አንድ።

«ባንቺ!»

ባንቺአየሁ ከጽሕፈት መኪናዋ ተነሥታ መጣች። ጸሐፊዋ ናት፤ ቁልፉ በእሷ እጅ ስለሆነ ማሽኑን በየጠዋቱ የምትከፍተው እሷ ናት።

«ጠዋት ስትከፍቺው ‹ቀኑ ስንት ነው› ብሎ ይጠይቅሽ የለም? ምን ትይዋለሽ?»

«የዕለቱን ነዋ! ሰኔ ሰማንያ አንድ።»

«የፈረንጁን አልነበረም የምትጽፊ?»

«እሱማ በድሮ ጊዜ። አንተ ለቅሶ ሄደህ ሳለ ጓድ እንዳለው መጡና ዐዩት። ‹እኛ ሳንደርስ ይህ ማሽን ማን ፈቅዶለት ነው ሰማንያ ዘጠኝ የገባ? በኢምፔሪያሊስት ዘመን የሚቆጥር ዕቃ በኔ ቢሮ አይሠራም› ብለው ጮኹ። እኔም አስተካከልኩት። አንዳች አላለም፤ እሺ ብሎ ተቀበለ።» ፈገግ አለች። «ከሰው ይሻላል።»

የሽዋስ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ሰኔ አሥረኛው ወር ነው፤ ማሽኑ የፈረንጆቹ ጥቅምት መስሎት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተንከባሎ ሄዷል። በእሱ አቆጣጠር እንዳለው የጥንቱ ሹም ነው፤ ታከለ ገና የሚመጣው። አዲሱን ምረጥ የተባለ መሣሪያ ታዲያ ማንን ይምረጥ?

ነገሩን ለባንቺአየሁ ነገራት። «ታዲያ ቀኑን እንመልሰዋ!»

«ጓድ እንዳለው ስክሪኑ ማዕዘን ላይ ያለውን ቀን ሳያይ አይወጣም። ‹ማን መለሰው› ሲል ምን እንለዋለን? ‹የከዳተኛውን ስም ያሳተሙት እርስዎ ነዎት› እንበለው? አንቺ ትነግሪዋለሽ?»

«እኔማ የምነግረው የለኝም!» አለችና ወዲያው በሹክሹክታ፣ «የጄኔሬተሩ ሰውዬ ለምሳ ሊያጠፋው ነው። እኔ ሄጄ እይዘዋለሁ። አንተ የምታውቀውን አድርግ» ብላ እየሮጠች ወጣች።

የሽዋስ አዲስ ቅጥያ መጻፍ ጀመረ። ሰብሳቢው ሲነሣ ሰዓቱን ማንም ሳያይ ወደ ፈረንጅ ትወስደዋለች፤ በአዲሱ ቁራጭ ላይ የዛሬን ትክክለኛ ቀን ታሳርፍበታለች፤ ግጥሚያው ሲያልቅ ማሽኑን ወደ ሰኔ ሰማንያ አንድ፣ ወደ ጓድ እንዳለው ዘመን፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሥራው ከባድ አልነበረም። ጣቱ ነው ያስቸገረው፤ አንዱን ፊደል ሲፈልግ ሌላውን ይመታል። መጀመሪያ ሲሞክራት ሰብሳቢው ሳይገባው ቀርቶ ቆመ። አንድ ነጥብ ጎድሎ ነበር። ነጥቡን ሲያስገባ በውጭ በኩል አያ ወልደ ሥላሴ ጮክ ብለው ሳሉ፤ ተራ ሳል አልነበረም። መኪኖች ጠጠሩን እያንኳኩ ገቡ።

ሰብሳቢው ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ያለ ምንም ድል፣ በራሱ አፍ መሥራት ጀመረ። ስሙ ያለበትን ቁራጭ ጠራ። ገጠመ። የድሉን ቅጥያ ወደ ቦታዋ መልሶ ሲጨርስ በሩ ተከፈተ። አትሞ ለመሞከር ጊዜ አልተረፈውም።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ። ጓድ እንዳለው ስለ ዘመናዊ እርሻ ብዙ አወራ፤ ከዚያ ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ቁልፉን ተጫነ።

ማተሚያው ተንገጫገጨ። የእርሻው ስም ወጣ። «ያጸደቀው» ወጣ። ይህች ማተሚያ ደማቅ ፊደልን በአንድ ጊዜ አትጽፍም፤ መጀመሪያ አናት አናቱን ትሠራና እግሩን ለመሥራት ትመለሳለች። የጓድ አናት ወጣ። ቀጥሎ የሌላ ፊደል አናት። ታ ይሁን እ፣ የሽዋስ መለየት አቃተው፤ በሕይወቱ የሣለውን ፊደል ሁሉ ረሳ። ካልሲው ውስጥ ያለው ወረቀት እግሩን እንደ እሳት ፈጀው። ማተሚያዋ ሄደች፤ ተመለሰች።

«ጓድ እንዳለው።»

ሁሉም አጨበጨበ። ስክሪኑም «ግዳጁ በድል ተጠናቋል!» አለ፤ ለዛሬ እውነቱን ነው።

ባለመነጽሩ አላጨበጨበም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ስሙን በጣቱ ዳሰሰ። «ጥሩ ነው። ይህን ስም መቀየር ቢያስፈልግ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ጓድ እንዳለው ለፈገግታው መክደኛ አጣለት።

«ሦስት… ሦስት ቀን ያህል፣ ጓድ» አለ የሽዋስ።

«ይረዝማል። አሳጥረው።»

አሳጠረው። ትእዛዝ ነውና አንድ ቅጥያ ጨመረ፤ ማሽኑ በየጠዋቱ ሲከፈት ቀኑ ስንት ነው ካለ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ እንዲጠይቅ፣ የተነገረውንም ስም እንዲያትም። ሰኞ ጠዋት ባንቺአየሁ ማሽኑን ከፍታ «ሥራ አስኪያጁ ማነው?» የሚለውን ስታነብ እጇ በአየር ላይ ቀረ። የሽዋስን ዞራ ዐየችው፤ እሱም በሩን ዐየ።

በሩ ላይ ጓድ እንዳለው ቆሟል። እሱም አንብቧል።

«ይህ ጥያቄ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ ነው፣ ጓድ። በትእዛዝ።»

በማግስቱ አያ ወልደ ሥላሴ በሩን ሊከፍቱ ሲመጡ ሥራ አስኪያጁን በረንዳው ላይ ኮቱን ተከናንቦ፣ የላህ ወንዝ ጉም ጸጉሩን አርሶት አገኙት። ከዚያም ወዲህ ማንንም አያስነካም። ባንቺአየሁ ቀኑን ትጽፍና ወንበሩን ትለቅለታለች፤ እሱ ይቀመጥና ፊደሉን አንድ በአንድ በአንድ ጣቱ እየፈለገ የራሱን ስም ይጽፋል። ላብ ያጠምቀዋል። ሲጨርስ ቀና ብሎ የሚያየው የሽዋስን ነው።

«ተቀበለው?»

«ተቀብሏል፣ ጓድ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ነገ ጠዋት።»